ለድርጅት የክላውድ አካውንት ስንከፍት የስልክ ማረጋገጫው ላይ ቆመናል፤ ኮዱ ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲመጣም አይቀበለውም

ሦስተኛ_ፎቅ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ሃያ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ነው። የሂሳብ ሲስተሙንና የፋይል ሰርቨሩን ከቢሮ ቁም ሳጥን አውጥተን ክላውድ ላይ ልናስቀምጥ ተነስተናል። የአቅራቢው ስም ለጊዜው ይቆይ። ኢሜይሉ ተረጋገጠ፣ ካርዱ ገባ፣ ስልኩ ላይ ስንደርስ ቆምን።

ዝርዝሩ ይህ ነው፦ ቁጥሩ በ09 የሚጀምር ሞባይል ነው፤ የሞላነውም ከነዜሮው ነው። ቴክስት መረጥን፣ ዝም። «እንደገና ላክ» የሚለውን ስድስት ጊዜ ያህል ተጫንን። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሁለት ኮድ ተከታትሎ ገባ። አንዱን ስንሞላ «ኮዱ ትክክል አይደለም» አለ፤ ሁለተኛውንም እንደዚያው። አሁን የሚያሳየው «የተፈቀደው የሙከራ ብዛት አልቋል» ብቻ ነው። ላፕቶፑ ላይ ቪፒኤን በርቶ ነበር።

ቢሮ ውስጥ ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው በሌላ ኢሜይል እንደ አዲስ መክፈት፣ ሌላው ቨርጂኒያ ያለ የአለቃችን ወንድም ቁጥር መጠቀም። የትኛው ይሻላል?

ራውተርና_ቡና

ሁለቱም አይሻሉም። በተለይ የመጀመሪያውን እንዳታደርጉት። ያው ካርድ፣ ያው ስልክ፣ ያው ላፕቶፕ፣ ኢሜይሉ ብቻ የተለየ፦ የአጭበርባሪ አካሄድ ቁርጥ ይህንኑ ይመስላል። ነፃ ክሬዲት ለመብላት አሥር አካውንት የሚከፍት ሰው የሚያደርገው ይህንን ስለሆነ ሲስተሙ ሁለቱንም አንድ ላይ ሊያግዳቸው ይችላል። ከዚያ በኋላ ችግራችሁ የስልክ ኮድ መሆኑ ይቀርና የታገደ ካርድ ማስለቀቅ ይሆናል።

አሁን የሚደረገው ምንም አለማድረግ ነው። ገጹን ዝጉት፣ 24 ሰዓት አትንኩት። ገደቡ በየሙከራው ሊታደስ ስለሚችል በየሰዓቱ እየገቡ «እስቲ ደግሞ» ማለት ቅጣቱን ማራዘም ነው።

የሆነውን ከሰጠኸው ዝርዝር ማንበብ ይቻላል። ኮዱ ዘግይቶም ቢሆን ስለደረሰ ዜሮዋ አይደለችም ጥፋተኛዋ፤ ፎርሙ ራሱ ቆርጦ ጥሏታል ማለት ነው። ሁሉም ፎርም ግን ይህን አያደርግምና ሁለተኛ ጊዜ አትሞክሩት። ከዝርዝሩ ኢትዮጵያን መርጣችሁ (+251 ራሱ ይሞላል) ቀጥሎ 9 አሃዝ ብቻ ጻፉ፤ በ9 ወይም በ7 የሚጀምር፣ ያለ ዜሮ። ሙሉው ከአገር ኮዱ ጋር 12 አሃዝ ነው። ቁጥሩን ከኮንታክት ኮፒ አድርጋችሁ አትለጥፉ፤ ክፍተትና ሰረዝ ይዞ ይመጣል። በእጅ ጻፉት።

ዋናው ጥፋት ስድስቱ «እንደገና ላክ» ናቸው። አዲስ ኮድ ሲታዘዝ የበፊቱ ኮድ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይሞታል። የቴክስት መልእክት ደግሞ ወረፋ ይዞ የሚሄድ ነገር ስለሆነ በታዘዘበት ቅደም ተከተል ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ መጨረሻ የገባው ኮድ መጨረሻ የታዘዘው ላይሆን ይችላል፤ ሦስተኛውና አምስተኛው ደርሰው የሚሠራው ስድስተኛው መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል። በሚቀጥለው አንድ ጊዜ ብቻ እዘዙ፣ ከዚያ እጃችሁን ሰብስባችሁ ጠብቁ።

ፋየርዎል_07

ራውተርና ቡና ያለው ላይ ልጨምር፤ ጥበቃው ስንት ደቂቃ ነው ለሚለው። ማይክሮሶፍት አዙር ለሚባለው የራሱ ክላውድ በሚሰጠው መመሪያ ኮዱ እስከ አራት ደቂቃ ሊወስድ እንደሚችል በግልጽ ጽፏል። እኔ ለማንኛውም አቅራቢ አሥር ደቂቃ እላለሁ።

መዘግየቱ ከየት ይመጣል? አቅራቢው ኮዱን በቀጥታ ለእኛ ኦፕሬተር አይሰጥም። ለጅምላ መልእክት አከፋፋይ ይሰጣል፣ አከፋፋዩ ለሌላ አከፋፋይ ሊያስተላልፍ ይችላል፣ ከዚያ ነው የአገር ውስጡ የመልእክት ማዕከል ደርሶ ወደ ሲሙ የሚሄደው። ርካሽ መስመር ከተመረጠ ወይም አንዱ መጋጠሚያ ከተጨናነቀ ይዘገያል፤ የላኪው ስምም ተቀይሮ ተራ የውጭ ቁጥር ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የድርጅቱን ስም የሚጠብቅ ሰው «ይሄ ደግሞ ማነው» ብሎ ያልፈዋል።

ስለዚህ ኦፕሬተሩን ከመክሰሳችሁ በፊት ስልኩን ፈትሹ። አንድሮይድ ላይ የመልእክት መተግበሪያው ውስጥ የስፓምና የታገዱ መልእክቶች ማኅደር አለ፤ እዚያ ውስጥ ተቀብሮ የሚገኝ ኮድ ቀላል አይደለም። ትሩኮለር የመሰለ መተግበሪያ ካለም የራሱ ማጣሪያ አለው። ሁለት ሲም ያለው ስልክ ከሆነ ኮዱ የሚጠበቅበት ሲም ሲግናል እንዳለው እዩ። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ መልሱት፤ ስልኩ ኔትወርኩ ላይ እንደ አዲስ ይመዘገባል፣ መንገድ ላይ የቆመ መልእክትም አንዳንዴ ያኔ ዱብ ይላል።

ፈተናው ቀላል ነው። በዚያው ሲም ከሌላ የውጭ አገልግሎት፣ ለምሳሌ ከኢሜይል አካውንት፣ አንድ ኮድ እዘዙ። ከመጣ ሲሙም ስልኩም ጤነኛ ናቸው፤ ችግሩ የአቅራቢው መስመር ላይ ነው ማለት ስለሆነ ወደ ድምፅ ጥሪ ሂዱ። ካልመጣ ከኦፕሬተሩ ጋር ነው ጉዳያችሁ።

አቅራቢዎቹ ለምን እንዲህ ቁጥብ ሆኑ ለሚል፦ የኮድ መጠየቂያ ገጾችን በሮቦት እየጫኑ በሺህ የሚቆጠር ቴክስት ወደ ራሳቸው መስመር የሚያስልኩና ከክፍያው ድርሻ የሚወስዱ ሌቦች አሉ። ስለዚህ ወደ አንዳንድ አገር የሚላከው ቴክስት ውድ ሲሆን የሙከራ ገደቡን ያጠብቃሉ። ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2023 የቴክስት ማረጋገጫን ለከፋይ ደንበኞች ብቻ ያደረገው አንዱ ሰበቡ ይኸው ነበር።

ፈጣን_መፍትሔ

ምን አስቸገራችሁ ወገኖች። ኢንተርኔት ላይ ነፃ ቁጥር የሚሰጡ ገጾች ሞልተዋል። ቴሌግራም ላይም ስልኩ የተረጋገጠለት አካውንት የሚሸጥ አለ። ግዙና ግቡ።

ሲስአድሚኗ

ወንድሜ፣ ይህን ምክር አዲስ ሰው እንዳያነበው ብሰጋ አይፈረድብኝም። ነፃ ቁጥር የሚሰጡት ገጾች የሚገባውን መልእክት ለዓለም ሁሉ ያሳያሉ። ነገ የይለፍ ቃል ማደሻ ኮድ ሲላክ እኔም፣ አንተም፣ ሞስኮ ያለ ልጅም እኩል እናነበዋለን። የተገዛ አካውንት ደግሞ የሻጩ ኢሜይልና ስልክ ነው ያለበት፤ የድርጅቱ ዳታ ከገባ በኋላ «ጠፋብኝ» ብሎ ቢያስመልሰው በምን ትከራከራለህ? ብዙዎቹ የሚከፈቱትም በተሰረቀ ካርድ ስለሆነ አቅራቢው አንድ ቀን ይዘጋቸዋል።

ወደ ጠያቂው። ቴክስት ካልሆነ የድምፅ ጥሪ ምረጡ፣ ግን ተዘጋጅታችሁ። ከጥሪው በፊት ገጹን አንብቡት። ሁለት ዓይነት አሠራር አለና። በአንደኛው ስልኩ ኮዱን ይነግራችሁና ገጹ ላይ ትሞላላችሁ። በሌላው ኮዱ ገጹ ላይ ይታይና በስልኩ ቁልፎች እንድትነኩት ትጠየቃላችሁ። ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው ቆጥሮ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ጥሪው ይዘጋበታል፣ አንድ ሙከራም ይቃጠላል።

ቁልፍ መንካቱ ራሱ ይበላሻል። በብሉቱዝ ማዳመጫ ወይም በመኪና ስፒከር አታንሱት። ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ በመካከል እንደ መተንፈስ ያለ ክፍተት እየሰጣችሁ ንኩ። ለማሽኑ የሚደርሰው የእያንዳንዱ ቁልፍ ድምፅ ነው፤ መስመሩ ከተቆራረጠ አንዷ 4 ሁለት 4 ሆና ትሰማለች ወይም ጭራሽ ትጠፋለች። ሲግናሉ ሙሉ በሆነበት መስኮት አጠገብ ቁሙ። የማይታወቅ ቁጥር ድምፅ አልባ የሚያደርግ ቅንብር ካለ ለጊዜው አጥፉት፤ ጥሪው የሚመጣው ከውጭ ነው። አዙር ላይ ስልኩ ከአሜሪካ ቁጥር ጥሪ ወይም ቴክስት መቀበል መቻል አለበት ተብሎ ተጽፏል።

የቢሮ የጠረጴዛ ስልክ በድምፅ ጥሪ ይሆናል፤ የአዲስ አበባ ከሆነ +251 11 ብላችሁ ቀሪውን 7 አሃዝ። «ለሂሳብ ክፍል 2ን ይጫኑ» የሚል ማሽን የሚያነሳው መስመር ከሆነ ግን አይሠራም። ማሽን ለማሽን ሰላም ሲባባሉ ሰዓቱ ያልፋል።

ቪፒኤኑን አጥፉት። ካርዱ የኢትዮጵያ፣ ስልኩ የኢትዮጵያ፣ ኮምፒውተሩ ግን ከሆላንድ ሲገባ ያየ ሰው ቢጠራጠር መብት አለው።

ፋይናንስ_ክፍል

አይቲ አይደለሁም፤ ግን ክፍያው በእኔ እጅ ስለሚያልፍ አንድ የምትዘሏት ነገር አለች። ኮዱ ሁለት ነው። አንዱ የክላውድ አቅራቢው ስልክ ለማረጋገጥ የሚልከው፣ ሌላው ካርዱ ሲገባ ባንኩ የሚልከው። የባንኩ ኮድ የሚሄደው ባንክ ወደተመዘገበው ቁጥር ነው፤ እሱ ደግሞ በአብዛኛው የሥራ አስኪያጁ ወይም የፋይናንስ ኃላፊዋ ስልክ ነው። የአይቲው ልጅ በራሱ ስልክ ኮድ ሲጠብቅ ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ሆና የባንኩን ኮድ «ሌባ ነው» ብላ ታጠፋዋለች። ሁለቱም ስልኮች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሁኑ፤ ከመሙላታችሁ በፊትም መልእክቱ የማን እንደሆነ አንብቡ።

የካርዱ ስምና አድራሻ ባንክ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰል። ኤደብሊውኤስ (የአማዞን ክላውድ) ካርዱን ለመፈተሽ ወደ 1 ዶላር ይይዝና በ3 እስከ 5 ቀን ይለቃል፤ ስለዚህ ካርዱ ባዶ አይሁን። አዙር ቅድመ ክፍያ ካርድና ቨርቹዋል ካርድ አይቀበልም። እዚያ ስልኩ አልፎ ካርዱ ላይ የሚወድቁት ብዙዎች ሰበባቸው ይህ ነው፤ ባንኩ የሰጣችሁ ዓለም አቀፍ ካርድ ቅድመ ክፍያ ይሁን አይሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛ_ፎቅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቪፒኤኑ ጠፍቷል፣ ገጹም ተዘግቷል። የቨርጂኒያውን ቁጥር ግን ለምን አይሆንም ትላላችሁ? ኮዱ በአምስት ሰከንድ ነው የሚደርሰው።

ራውተርና_ቡና

ይደርሳል፤ ኮዱ መድረሱን የሚጠራጠር የለም። ቁጥሩ ግን ኮድ ተቀብሎ የሚሰናበት ነገር አይደለም። ሁሉም ሰው እንደ በር ጥበቃ ያስበዋል፤ አንዴ ካለፍከው በኋላ የማታገኘው። ኤደብሊውኤስ ላይ የቤቱ መለዋወጫ ቁልፍ ነው።

እንዲህ ነው። ስትከፍቱ የሞላችሁት ስልክ የአካውንቱ ዋና መገናኛ ቁጥር ሆኖ ይቀመጣል። ነገ የሩት ተጠቃሚው (በአካውንቱ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ዋናው መግቢያ) የማረጋገጫ መተግበሪያ ያለበት ስልክ ቢጠፋ ተመልሶ የሚገባው በሌላ መንገድ ነው፦ መጀመሪያ ወደ ሩት ኢሜይሉ ማረጋገጫ ይላካል፣ ከዚያ ወደዚያው ቁጥር ይደወላል። ቁጥሩ የማይሠራ ከሆነ የምትቆሙት ሰርቨራችሁ እየሠራ፣ ሂሳቡ እየቆጠረ፣ እናንተ ውጭ ቆማችሁ ነው።

አሁን የወንድምየውን ቁጥር በዚህ ዓይን ተመልከት። ጥሪው ሲመጣ አዲስ አበባ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከሆነ ቨርጂኒያ ሌሊት ነው። ቅድመ ክፍያ መስመር ከሆነ ካልሞላው ቁጥሩ ተወስዶ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ጉግል ቮይስ ከሆነ ደግሞ በኢንተርኔት የሚሠራ ቁጥር ነው፤ አዙር እንዲህ ያለውን ለማረጋገጫ አይቀበልም፣ ሌሎችም ሊመልሱት ይችላሉ። ዱባይ ወይም ሪያድ ያለ ዘመድ ቁጥርም ያው ነው፤ እዚያ ሲሙ ከመኖሪያ ፈቃዱ ጋር የታሰረ ነውና ሰውየው ጠቅልሎ ሲመጣ ቁጥሩም አብሮ ያበቃል።

አዙር በዚህ ይለያል፤ ሲከፈት ለማረጋገጫ የሞላችሁት ቁጥር የአካውንቱ መገናኛ ሆኖ አይቀመጥም። ግን እዚያ ሌላ ወጥመድ አለ። አገር የሚለውን ስትመርጡ ኋላ መቀየር አይቻልም። ለአሜሪካው ቁጥር ብላችሁ አሜሪካን ከመረጣችሁ ሌላ አካውንት ካልከፈታችሁ በቀር አትመለሱም።

ሲስአድሚኗ

የአይቲው ልጅ የግል ቁጥርም ከቨርጂኒያው አይሻልም፤ ሥራ ሲለቅ ይዞት ይሄዳል። ሲሙ የሚመዘገበው በድርጅቱ ስም ይሁን፤ በንግድ ፈቃድ፣ በቲን፣ ማህተም ባለበት ደብዳቤ። በግለሰብ ስም የወጣ ሲም ቢጠፋ ምትክ የሚወስደው መታወቂያው ላይ ያለው ሰው ብቻ ነው። ኢሜይሉም የአንድ ሰው አይሁን፤ ሁለት ሦስት ሰው የሚያነበው የቡድን አድራሻ ይሁን። ኤደብሊውኤስ ላይ ከዋናው ሌላ ለክፍያ፣ ለሥራ ክንውንና ለደኅንነት ሦስት ተለዋጭ መገናኛ መሙያ አለ፤ ብዙ ሰው ባዶውን ይተወዋል፣ እናንተ ሙሉት።

ለሙከራና ለዋናው ሥራ ሁለት ሦስት አካውንት ካስፈለጋችሁ ለእያንዳንዱ ይህን ሁሉ አትድገሙ። አንዱ ከተከፈተ በኋላ ኦርጋናይዜሽንስ በሚባለው የኤደብሊውኤስ አካውንቶችን ማሰባሰቢያ በኩል አባል አካውንት ሲፈጠር ስልክም ካርድም አይጠይቅም፣ ኢሜይል ብቻ። መጀመሪያ የሚፈቀደው 10 ነው፤ ጠይቆ ማስጨመር ይቻላል። ስልክና ካርድ የሚጠይቀው አባሉ ከድርጅቱ ወጥቶ ለብቻው ልቁም ሲል ነው።

ጉግል ላይ ደግሞ የሚመታችሁ ሌላ ነው፦ «ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ጥቅም ላይ ውሏል» የሚለው። የአይቲው ቁጥር ለሠራተኛው ሁሉ ጂሜይል ሲከፈትበት የኖረ ከሆነ ለክላውዱ ሲፈለግ ይሞታል። መፍትሔው በግል ጂሜይል አለመክፈት ነው። ክላውድ አይደንቲቲ የሚባለው የጉግል የተጠቃሚ ማስተዳደሪያ ነፃ እትሙ እስከ 50 ተጠቃሚ ይሰጣል። ዶሜይናችሁን (የድርጅቱን የድረ ገጽ ስም) በዲኤንኤስ፣ ማለትም በዶሜይኑ የአድራሻ ማውጫ፣ በሚገባ አንድ የጽሑፍ መዝገብ ታረጋግጡና ሠራተኞቹን አስተዳዳሪው ይፈጥራቸዋል።

ደቂቃ_ቆጣሪ

አካውንቱ ሲከፈት በዚያው ቀን ሩቱ ላይ የማረጋገጫ መተግበሪያ አስገቡ፤ ኤደብሊውኤስ ላይ አሁን ግዴታም ሆኗል። እዚህ ላይ በእኛ አገር ብቻ የማየው አንድ ብልሽት አለ፤ ባለ 6 አሃዙ ኮድ ዘወትር «ስህተት» ይላል።

ምክንያቱ የስልኩ ሰዓት ነው። ብዙ ሰው ስልኩ 9 ሳይሆን 3 ሰዓት እንዲልለት አውቶማቲኩን አጥፍቶ ሰዓቱን በእጁ 6 ሰዓት ወደ ኋላ መልሶታል። መተግበሪያው ኮዱን የሚያሰላው ከሰዓቱ ነው፤ በየ30 ሰከንዱ አንድ ኮድ። ስድስት ሰዓት ማለት 720 ኮድ ወደ ኋላ ነው። ሰርቨሩ የሚታገሠው አንድ ሁለት ኮድ ቢሆን ነው።

አውቶማቲክ ሰዓቱን መልሱት። የሐበሻ ሰዓት የግድ ካላችሁ መነሻ ገጹ ላይ የኢትዮጵያ ሰዓት የሚያሳይ መተግበሪያ አድርጉ። ሌላም ዘዴ አለ፦ ሰዓቱን ሳይሆን የሰዓት ክልሉን ወደ ቦነስ አይረስ መቀየር። ከአዲስ አበባ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ ስልኩ 3 ሰዓት ይላል፤ መሠረቱ ሰዓት ግን ስላልተነካ ኮዱ ልክ ይሆናል። የቀን መቁጠሪያ ቀጠሮዎቻችሁ ግን በአርጀንቲና ሰዓት ይታያሉ፣ እሱን ቻሉት።

አንድ ስልክ ላይ ብቻ አታስገቡት። ኤደብሊውኤስ ለአንድ ተጠቃሚ እስከ 8 መሣሪያ ይፈቅዳል፤ የሥራ አስኪያጁና የአይቲው ስልክ፣ ከተቻለ ደግሞ ካዝና ውስጥ የሚቀመጥ አንድ የዩኤስቢ የደኅንነት ቁልፍ።

ሦስተኛ_ፎቅ (ጠያቂ)

ገባኝ፤ በድርጅቱ ስም ሲም እናወጣለን። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከ24 ሰዓት በኋላም ገደቡ ካልተነሳ ለድጋፍ ክፍል ምን ብለን እንጻፍ? ሳንገባ እንዴት እንጽፋለን?

ፋየርዎል_07

ለአካውንትና ለክፍያ ጉዳይ ኤደብሊውኤስ ሳይገቡ የሚሞላ ፎርም አለው፤ ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄም ክፍያ የለም። በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ አጭር ይሁን። የሚፈልጉት ይህ ነው፦ አካውንቱ የተከፈተበት ኢሜይል፤ ስልኩ ከነአገር ኮዱ፤ ቴክስት ነው ወይስ ጥሪ የሞከራችሁት፤ የሞከራችሁበት ቀንና ሰዓት ከ«ዩቲሲ +3» ጋር (በፈረንጅ ሰዓት፣ አደራ)፤ ገጹ ያሳየው ጽሑፍ ቃል በቃልና የስክሪን ፎቶው። መጨረሻ ላይ በየትኛው ሰዓት ስልኩን ማንሳት እንደምትችሉ ጻፉ፤ ሊደውሉ ይችላሉና። የካርድ ቁጥርና የደረሳችሁን ኮድ አትጻፉ። የንግድ ፈቃድ ወይም የካርዱን የባንክ መግለጫ ሊጠይቁ ስለሚችሉ ስካን አድርጋችሁ ያዙ። ለአንድ ጉዳይ አንድ ጥያቄ ብቻ ክፈቱ፤ ሦስት ብትከፍቱ ሦስት ሰው ከመጀመሪያ ይጀምራል።

የጀመራችሁት ምዝገባም አልጠፋም። በዚያው ኢሜይል ስትገቡ ካቆማችሁበት ይቀጥላል። ሁሉም ካለፈ በኋላ አካውንቱ ሙሉ በሙሉ ሥራ እስኪጀምር እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ሰርቨር አልከፍት አለ ብላችሁ እንደገና እንዳትደናገጡ።

ሲስአድሚኗ

አዲሱ ሲም ሲወጣ ርካሽ የቁልፍ ስልክ ውስጥ አስገቡት። ባትሪው ሳምንት ይቆያል፣ ማጣሪያ የሚባል ነገር የለውም፣ ለቁልፍ መንካትም ከስማርት ስልኩ ይሻላል። በየወሩ ትንሽ ካርድ ሙሉበትና አንድ ጊዜ ደውሉበት፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሲም ይዘጋል። የመሙላቱን ኃላፊነት ደግሞ ለፋይናንስ ክፍል ስጡ፣ ለአይቲ አትስጡ።

ፋይናንስ_ክፍል

ተቀብለናል። ከጥቃቅን ወጪ ይያዛል፤ ደረሰኙን ብቻ አምጡ።